የስማዳን አየር እንዴት እንዳጠብኩት

አንዱ በመጠጥ ይዋረዳል፣ አንዱ በምላሱ፣ አንዱ በሰው ሚስት። እኔ የተዋረድኩት በአየር ነው። በአየር! የማይታይ፣ የማይጨበጥ፣ ገበያ የማይወጣ ነገር ይዤ ነው አማቶቼ ፊት ቀና ብዬ መሄድ ያቃተኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ግሏል፤ ደግነቱ እናንተ አታዩኝም።

ሥራዬ ካርታ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ወንዙን፣ ተራራውን፣ የወረዳውን ድንበር እስላለሁ። እዚህ አገር «ካርታ እሠራለሁ» ያለ ሰው ደግሞ ሰላም የለውም፤ ሁሉም የሚመስለው የቤት ካርታ ነው። በአጥር የተጣላ ጎረቤት፣ ውርስ ያልተስማሙ ወንድማማቾች፣ ሁሉም እኔን ብሎ ይመጣል። «እኔ ይዞታ አልሰጥም፤ የመሬቱን መልክ ነው የማወጣው» ስላቸው፣ «መልኩንማ እኛም እናውቀዋለን» ብለውኝ ይሄዳሉ።

አለቃዬ አቶ ዘውዱ የእስቴ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ስብሰባ ላይ የሰሙትን ሁሉ ማግስቱን እኔ ላይ መጫናቸው ነው። ባለፈው የካቲት ከአንዱ ስብሰባ ሲመለሱ ከኮታቸው ኪስ ፍላሽ አወጡና «የዓለምን አየር ይዤልህ መጣሁ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ውቅያኖስ መሀል ካለ ተራራ አናት ላይ ፈረንጆች መሣሪያ ተክለው፣ አየሩ ውስጥ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ ስንት ዘመን ሙሉ በየወሩ ሲለኩ ኖረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያው ከጭሱም፣ ከመኪናውም፣ ከትንፋሻችንም የሚወጣው፣ ምድርን እያሞቀ ነው የሚባለው ነው።

«ይህን ወደ መረጃ ቋታችን አስገባና ለሦስቱ ወረዳዎች፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ በካርታ አውጣልኝ» አሉ።

«አቶ ዘውዱ፣ ይሄ እኮ የተለካው አንድ ቦታ ነው። ለሦስቱም ያው አንድ ቁጥር ነው የሚሆነው።»

«አየሩ እኛ ጋ አይደርስም?»

«ይደርሳል።»

«እንግዲያው አስገባው። እንግዶች ይመጣሉ፤ እንግዳ ደግሞ ካርታ ማየት ይወዳል።»

ያን ጊዜ «አይሆንም» ብል ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን አለቃ ፊት እሺ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ሙያ ነው።

ቋት በእናቴ ቤት የዱቄት ማጠራቀሚያ ነው፤ በእኛ ቢሮ የቁጥር ማጠራቀሚያ ነው። የእኛው ቋት የሰጡትን ሁሉ ይውጣል፤ ስንዴ ይሁን ጠጠር አይመርጥም። አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ ባዶ ሳጥን። ባዶ ካየ «ሙላ!» ብሎ አላስቀምጥ ይላል። ይህን አመል ያስለመድኩት እኔው ነኝ፤ የወረዳዎቹን የዝናብ መረጃ ሳስገባ ማንም ወር እንዳይዘል ብዬ። ዝናባችን የሚመዘገበው በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነውና ለያንዳንዱ ዓመት አሥራ ሦስት ሳጥን አዘጋጅቼለታለሁ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ።

የፈረንጁን መረጃ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ጀመርኩ። ሴፕቴምበርን መስከረም፣ ኦክቶበርን ጥቅምት እያልኩ ክርስትና አነሳኋቸው። መባቻቸው ዝንፍ ይላል፤ «አየር በጥቂት ቀን ምን ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ኋላ መለስኩት። ኦገስትን ነሐሴ ብዬ እፎይ ስል ቋቱ «ሙላ!» አለኝ። ጳጉሜ ባዶዋን ቀርታለች። ለካ ፈረንጅ ጳጉሜ የለውም! እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ለጋይንትና ለእስቴ የነሐሴን ቁጥር ገልብጬ ጳጉሜ ላይ ለጠፍኩ። ስማዳ ላይ ስደርስ ግን ህሊና የሚባል ነገር ያዘኝ። የእኔ ህሊና የሚነቃው ሥራ ሊያልቅ ሲል ነው። ያልተለካን ወር እንደተለካ አድርጎ ማስገባት ነውር ነው አልኩ፤ ያውም ለሚስቴ አገር። ባለቤቴ የስማዳ ልጅ ናት። ከመረጃው ጋር የመጣውን ማብራሪያ ባነብ፣ ሳይለካ ለቀረ ወር ከዜሮ በታች ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ይጻፋል ይላል። «አልተለካም» የሚል ምልክት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። በሊቅነቴ ረክቼ የስማዳን ጳጉሜዎች በሙሉ በዚህ ምልክት ሞላኋቸው። ተመልሼ የጋይንትንና የእስቴን እንደዚሁ ላርም ስል መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። ከምሳ ስመለስ ነገሩን ረስቼዋለሁ።

ምልክትነቱን እኔ አውቃለሁ እንጂ ማሽኑ ምን ያውቃል! ከቁጥር ቆጥሮ ደመረው። የዓመቱን አማካይ ሲያወጣ ያቺ አንዲት ጳጉሜ የስማዳን ዓመት እየጎተተች ቁልቁል አወረደችው። ካርታው ሲወጣ ጋይንት ቀይ፣ እስቴ ቀይ፣ ስማዳ ግን የመስከረም መስክ መስላ አረንጓዴ!

«እስቴ ምን በድላህ ነው?» አሉ አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን እያወለቁ።

«እኔ አይደለሁም፤ መረጃው ነው የሚለው» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ደግሞ ያልኩት።

የሚረባ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ለአማቴ ደወልኩ። አማቴ የኔታ ይባቤ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ አጠገብ ካለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ ቃላቸውን የሚቀበል፣ እኔም ከሠርጌ ቀን ጀምሮ በሆነ ነገር ላስደስታቸው የምመኝ።

«የኔታ፣ ከሦስቱ ወረዳ የስማዳ አየር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ!»

«ተመስገን! ዓመቱን ሙሉ ነው ልጄ፣ ወይስ ወር ይመርጣል?»

ኮምፒውተሩን አየሁ። «ሌላው ወር ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ጳጉሜ ላይ ነው የሚጠራው። ጳጉሜ ላይማ ከዜሮም በታች ይወርዳል።»

የኔታ ቀስ ብለው «ሩፋኤል!» አሉ።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ ይከፈታል፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ጸበል ነው፤ ትልቅ ትንሹ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ሰውን ያጠበ ዝናብ አየሩን ባያጥብ ነው የሚገርመው! የኔታ የታያቸው ይህ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ጭስ ምን ዓይነት ጭስ እንደሆነ መጠየቅ የነበረብኝ የተማርኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ግን «እንዴታ የኔታ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ስብከት ሆነ። ከዚያ ወገዳ ገበያ ወጣ። የስማዳ ሰው እህል ሊሸጥ የመጣውን የእስቴ ሰው «ትንፋሽህን ወደዚያ አዙር» ይለው ጀመር። አንድ የጋይንት ነጋዴ «አየራችሁ ንጹሕ የሆነው በመንገዳችሁ ምክንያት መኪና ስለማይደርስላችሁ ነው» ብሎ መለሰ ሲሉ ሰማሁ። ሌላው ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሏቸዋል። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። አቤት ያን ጊዜ የሳቅኩት ሳቅ!

እንግዶቹ መጡ። ለችግኝ የሚሆን ዕቃ የሚያድል ፕሮጀክት ሰዎች ናቸው፤ ፕላስቲክ፣ የጥላ መረብ፣ የውሃ ጎማ። ካርታዬን አዩና ነገሩ ቀለላቸው፤ አየሩ ቀይ የሆነበት ይቅደም፣ አረንጓዴው ይቆይ። ስማዳን ግን ሳይጠይቁ መተው ስላልፈለጉ ወገዳ ሄደው ሕዝብ ሰበሰቡ። የኔታ ተነሡ። «እኛስ ጠባቂ አለን። ለተቸገሩት ለጋይንትና ለእስቴ ወንድሞቻችን ስጡልን» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እንግዶቹ እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ አይተው አያውቁምና በስማዳ ፋንታ የእስቴን ድርሻ ጨመሩ።

አንድ ቅዳሜ እማማ አለሚቱ ለባለቤቴ ደወሉ። እማማ አለሚቱ የየኔታ ሚስት፣ የእኔ አማት ናቸው። ወገዳ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ የሴቶቹን ማኅበር የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከሰፈሩ በታች ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ማሳ ይበላል፤ ዘንድሮ የሚደርሰው የእሳቸው ገብስ ላይ ነው። እሱን ለማስቆም ነበር ሴቶቹ በበጋው ወይራውንና ኮሶውን በእጃቸው ዘርተው፣ ከምንጭ ውሃ እየተሸከሙ ያበቀሉት።

«ፕላስቲኩም ቀረ፣ መረቡም ቀረ፣ ጎማውም ቀረ» አሉ፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነው የተቀመጠው። «ችግኙ መደቡ ላይ ተጨናንቆ ይጠብቃል። ፀሐዩ ደግሞ በርትቷል። ሸክሙ ሴቶቹን አደከማቸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ እማዬ?» አለች ባለቤቴ።

«ከሩፋኤል ጋር ምን ሙግት አለ ልጄ?»

ያኔ ነው ሥራዬን መጀመሪያ ያየሁት፤ መጀመሪያ ስል ልክ መሆን አለመሆኑን ለማየት ማለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ቋቱን ከፍቼ የስማዳን ጳጉሜ ሳይ ያ ምልክት ከየዓመቱ ግርጌ ተሰልፎ ቁልጭ ቁልጭ ይልብኛል። ጳጉሜን ከሦስቱም አውጥቼ ካርታውን ደግሜ ባወጣው ጋይንት ቀይ፣ ስማዳ ቀይ፣ እስቴ ቀይ። ልዩነት የሚባል ነገር የለም። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ ንፋስ መውጫ ላይ ሆኖ የላበ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «አባቴን ለሩፋኤል የሐሰት ምስክር አደረግከው?» አለች። የዚያን ቀን ያለመሳደቧ እስካሁን ያመኛል።

አቶ ዘውዱ ደግሞ አዲሱን ካርታ አገላብጠው አዩት። «ሦስቱም አንድ ቀለም ከሆነ ካርታው ምን ሊያደርግልን ነው?»

«እኔም መጀመሪያ ይህንኑ ብዬ ነበር።»

«ቀስ ብለህ ብትል ማን ይሰማሃል! በል ተወው አሁን፤ አንተም ዝም፣ እኔም ዝም።»

ዝም ማለት አማረኝ፤ አልዋሽም። ግን እማማ አለሚቱ ያን የሩፋኤል ቃል ያሉበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለእንግዶቹ ደወልኩና «ካርታው ስህተት ሳይኖርበት አይቀርም» አልኩ፤ የማን ስህተት እንደሆነ ግን ሳልጠቅስ። «ስማዳን የተውነው በካርታው ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ራሱ ይቅርብን ብሏል። የተናገሩት አባት መጥተው ቃላቸውን ካላነሡ ዕቃው እዚያው እስቴ ይቀራል» አሉኝ። እንግዲህ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ የሽማግሌውን ክብር ወይ የአሮጊቷን ችግኝ። ሁለቱንም ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ በኩል አድርጌ ወገዳ ወረድኩ። መኪናው በየጉድጓዱ ሲያነጥረኝ «ምነው በተበላሸ!» እያልኩ ነበር፤ አልተበላሸም። ሰው ክፉ ሲመጣበት መኪናው ሁሉ ደኅና ነው።

የኔታ ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። አየሩን የለካው አማች መጣ ተብሎ ነው። ጾም ባይሆን በግ ይወድቅልኝ ነበር፤ ጠላው ግን በላይ በላይ ይቀዳልኛል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «የእኔን ግቢ ለብቻው ልትለካልኝ ትችላለህ? ጎረቤቴ ከብት አብዝቶ አየሬን አበላሽቶብኛል» አሉኝ። «ይታያል አባባ» አልኩ። እዚያ ቁጭ ብዬም ሌላ ቃል መግባቴን ልብ በሉልኝ!

ጎረቤት ሲበተን እኔና የኔታ ብቻችንን ቀረን። እማማ አለሚቱ ችግኝ ጣቢያው ነበሩ። የኔታ ጭራቸውን ወዘወዝ እያደረጉ «እስቲ የጳጉሜን ነገር ድገምልኝ፤ ለተማሪዎቼ በትክክል ልንገራቸው» አሉ።

«የኔታ፣ ጳጉሜ አልተለካችም።»

«እንዴት?»

«ፈረንጆቹ ጳጉሜ የላቸውም። ባዶ ስትሆንብኝ እኔ ነኝ ቁጥር የከተትኩባት። ማሽኑም አመነኝ፤ እኔም መልሼ ማሽኑን አመንኩት። የሦስቱም ወረዳ አየር አንድ ነው።»

ጭራው ቆመ። ዝንብ ግንባራቸው ላይ አረፈ፤ አላባረሩትም።

«ሩፋኤልስ?»

«ሩፋኤል በዚህ ውስጥ የሉበትም የኔታ።»

«እሳቸውማ የሉበትም» አሉ። «ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።» ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡና ቃላቸውን ለማንሣት ንፋስ መውጫ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ልክ እንደ ተራ ጉዳይ፤ ጨው ሊገዙ እንደሚወጡ ዓይነት።

የፕሮጀክቱ ሰዎች በተጠሩበት ቀን የኔታ ቢሮአችን ውስጥ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው የእንግዶች ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ዘውዱ ቀድመው «ያው የማሽን ስህተት ነው» አሉ። የእንግዶቹ መሪ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የኔታን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «አባታችን፣ ማን አሳስቶዎት ነው ያን ቃል የተናገሩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

አቶ ዘውዱ ጣራ ጣራ ያያሉ። እኔ የወንበሬን እግር አያለሁ።

«ማንም አላሳሳተኝ» አሉ የኔታ። «ደስ ስላለኝ ሳልመረምር አመንኩ። ባልመረመርኩት ነገር የሕዝብ ድርሻ ሰጠሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሴቶቹን ችግኝ ግን በእኔ ጥፋት አትቅጡብኝ።»

በሰው ፊት ራሳቸውን እንዲያ ሲያዋርዱ እኔን በዓይናቸው እንኳ አላመለከቱኝም። መሬት ብትከፈት ገብቼ ከውስጥ እዘጋባት ነበር። እጄን አወጣሁ፤ እንደ ተማሪ።

«ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «ካርታውን የሠራሁት እኔ፣ ደውዬ የነገርኳቸውም እኔ። አማቴ ናቸው።»

እንግዳው ሰው «እርስዎ አይደሉም እንዴ ካርታውን ያስረዱን?» አለኝ።

«ነኝ።»

እስክሪብቶውን አነሣ። የስማዳ ዕቃ እንዲመለስ ፈረመ፤ ግን እስቴ ደርሶ የተራገፈ ዕቃ ነውና እስኪጫን፣ መኪና እስኪገኝ፣ ነዳጅ እስኪፈቀድ ፀሐይዋ አልጠበቀችንም።

የኔታን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ተወው» ብለው በመዳፋቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። መኪናው ሊወጣ ሲል ግን በመስኮቱ አጎንብሰው ጠሩኝ።

«ለአለሚቱ አንተው ንገራት።»

«እስካሁን አልነገሯቸውም እንዴ?»

«ለወረዳው ሁሉ እናገራለሁ» አሉ። «እሷን ግን እፈራታለሁ።»

ዕቃው ወገዳ የደረሰ ዕለት እኔም አብሬ ደረስኩ። ከመደቡ ግማሹ ደርቋል። የተረፈውን ሴቶቹ ወደ ፕላስቲክ ያዛውራሉ፤ እማማ አለሚቱ የደረቀውን እየነቀሉ ወደ ጎን ይጥላሉ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጳጉሜዋን፣ ምልክቷን፣ መብራቱን፣ ምሳዬን ሳይቀር። እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። ስጨርስ አንድ የደረቀ ኮሶ ከነሥሩ ይዘው አዩኝ።

«እኔ ሩፋኤል ናቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። «አንተ መሆንህን ባውቅ ያኑ ዕለት በእግሬ መጥቼ አንቄ እጠይቅህ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ከወገዳ ንፋስ መውጫ ሩቅ ነው፤ ግን ይመጡ ነበር። ችግኞቹም ይተርፉ ነበር።